ዘበኛው አራት ወር ሙሉ ሲመዘግብ ነበር

ለአንዲት ሴትዮ «ኮምፒውተሬ የተጠበቀ ነው፣ በዚህ በኩል አይስጉ» ብዬ ቃል ከገባሁ አራት ወር አልፎኛል። ስናገረው አምኜበት ነበር። ባለፈው እሑድ ማታ ግን ቃሌ ባዶ እንደነበር በዓይኔ አየሁ።

ሴትዮዋ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸውንም ከተማቸውንም አልጠቅስም። ስለ አንድ ግዢ የሚያውቁትን አጫወቱኝ፤ ድምፃቸውን ቀረጽኩ፤ ቤት ገብቼ ወደ ጽሑፍ ገለበጥኩት። ስንለያይ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?»

ላፕቶፔ ላይ አልኳቸው። ቀጥዬም ያንን ቃል ሰጠኋቸው። ትንሽ ኩራትም ነበረበት፤ በዚያው ሰሞን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ አፕአርሞር የሚባለውን መቆጣጠሪያ አስተካክዬ ጨርሼ ነበርና።

ይህ የቴክኖሎጂ ቻናል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ አንድ የኮምፒውተር ማስተካከያ ነው። ታገሡኝ፤ እዚህ ዘወትር ከምንጨቃጨቅባቸው ጉዳዮች ብዙም አይርቅም።

እንደ ብዙው የከተማችን ሰው እኔም ለዓመታት የተጠቀምኩት ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነበር። ላፕቶፑን ሱቅ ወስደህ ትሰጣለህ፣ ልጁ ከፍላሽ ላይ ይጭንልሃል፣ አብሮ ምን እንደጫነልህ አትጠይቅም። ያገለገለው ላፕቶፔ መጎተት ሲጀምር ወደ ኡቡንቱ ዞርኩ። ኡቡንቱ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ነፃ ነው፤ ለአሮጌ ማሽንም ይስማማል። «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም» የሚለውን ወሬም ሰምቼ ስለነበር ከዚያ በኋላ ስለ ደህንነት ማሰብ አቆምኩ ማለት ይቻላል።

ሰርቨር በማስተዳደር የሚተዳደር አንድ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ድንገት ጠየቀኝ።

«ከማታውቀው ሰው በቴሌግራም የመጣ ሰነድ በምንድነው የምትከፍተው?»

«በሊብሬኦፊስ።»

«ሊብሬኦፊስ ከዚያ ሰነድ ሌላ ምን ማንበብ ይችላል?»

ጥያቄው አልገባኝም። ሰነዱን ነዋ፣ ሌላ ምን ያደርግለታል አልኩት።

«የሚያስፈልገውን አይደለም የጠየቅኩህ» አለኝ። «የሚችለውን ነው። አንተ ማንበብ የምትችለውን ሁሉ ማንበብ ይችላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስም ሆነ ሌሎቹ የዴስክቶፕ ሲስተሞች ከጥንት ጀምሮ ፈቃድ የሚሰጡት ለሰው ነው። ይህ ፋይል የእገሌ ነው፣ እገሌ ያንብበው፣ ሌላው አይንካው። በአንድ ማሽን ብዙ ሰው ይሠራ በነበረበት ዘመን ስጋቱ ሰው ከሰው ስለነበር ይህ በቂ ነበር። ዛሬ ላፕቶፔን የምጠቀመው እኔ ብቻ ነኝ። የምከፍተው ፕሮግራም ሁሉ በኔ ስም፣ በኔ ሥልጣን ይሠራል። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ወደ መታጠቢያ ቤቱ መግባት ይበቃዋል፤ እኛ ግን የመኝታ ቤቱንም የቁም ሳጥኑንም ቁልፍ አንድ ላይ አስረን እንሰጠዋለን። ስልካችን እንኳ ከዚህ ይሻላል። አንድ አፕ ፎቶህን ማየት ሲፈልግ «ልፍቀድለት?» ብሎ ይጠይቅሃል። ላፕቶፑ አይጠይቅም።

ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2015 የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በአንድ የሩሲያ የዜና ድረ ገጽ ላይ የነበረ ማስታወቂያ፣ ፋየርፎክስ ውስጥ ፒዲኤፍ በሚያሳየው ክፍል ቀዳዳ እየገባ የአንባቢዎችን ፋይል ይለቅም ነበር። አንባቢው የተጫነው ነገር የለም፤ ዜና ማንበቡ ብቻ ነው። ሊኑክስ ላይ ይፈልጋቸው ከነበሩት ውስጥ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች መግቢያ የሆኑ ቁልፎች፣ ተርሚናል ላይ የተጻፉ ትእዛዞች ታሪክ፣ በስማቸው ውስጥ «ፓስ» የሚል ያለባቸው የጽሑፍ ፋይሎች ይገኙበታል። የለቀመውን ዩክሬን ያለ ወደሚመስል ሰርቨር ይልክ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይም አሻራ አይተውም። ሞዚላ ቀዳዳውን ወዲያው ደፈነ፤ የሄደው ግን ሄዷል።

ልብ በሉ፣ ብራውዘሩ ማንንም ሰብሮ አልገባም። እነዚያን ፋይሎች ለማንበብ ድሮውኑ ፈቃድ ነበረው።

አፕአርሞር የሚመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ኢሙኒክስ በሚባል ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቬል ኩባንያውን ገዛው፣ በ2007 ኡቡንቱ ውስጥ ገባ፣ በ2010 የሊኑክስ ከርነል አካል ሆነ። ዴቢያንም ከ2019 ጀምሮ አብርቶት ነው የሚመጣው። ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህን በምታነቡበት ሰዓት እናንተ ማሽን ላይ እየሠራ ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ መኖሩን የሚያውቀው አንድ ፕሮግራም አንድ ፋይል አልከፍትም ብሎ ሲያስቸግረው ነው፤ ያኔም የሚፈልገው ማጥፊያውን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ፕሮፋይል የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ። መጀመሪያ የፕሮግራሙ አድራሻ ይጻፋል፤ ከዚያ በየመስመሩ የፋይል ወይም የፎልደር አድራሻና አጠገቡ ፊደሎች። አር ማንበብ ነው፣ ደብልዩ መጻፍ፣ ኤክስ ሌላ ፕሮግራም ማስነሳት። የተጻፈው ይፈቀዳል፣ ያልተጻፈው ይከለከላል። ከርነሉ ራሱ ነው የሚያስፈጽመው፤ ፕሮግራሙ ቢታለልም፣ ቢጠለፍም፣ በፕሮፋይሉ ውስጥ ከተጻፈው አይወጣም።

ፕሮፋይሉን ለማዘጋጀት ፕሮግራሙን ለጥቂት ቀን እንደልቡ ትለቀዋለህ፣ የነካው ሁሉ ሎግ ላይ ይመዘገባል። ከዚያ ኤኤ ሎግፕሮፍ የሚባል መሣሪያ መዝገቡን እያነበበ አንድ በአንድ ይጠይቅሃል፦ ይህን ልፍቀድ? ይህንንስ? እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ጥያቄው ሲበዛ እጅ ይለምዳል፤ ፍቀድ፣ ፍቀድ፣ ፍቀድ። እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ሃያ ምናምን ጊዜ ሳላነብ ፈቅጃለሁ። አንዳንዱን መስመር ደግሞ «ለዚህ ፋይል ብቻ ሳይሆን ለፎልደሩ በሙሉ» ብሎ ማስፋት ይቻላል፤ ሁለት ኮከብ መጨመር ነው። ሲደክምህ ሁለት ኮከብ መጨመር በጣም ያጓጓል። ጠዋት ሳየው ሆም ፎልደሬን በሙሉ ሰጥቼው ነበር። አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ።

በሁለተኛው ሌሊት ነገሩ ገባኝ። ለሊብሬኦፊስ አብሮት የመጣ ፕሮፋይል ስለነበር ያንን ይዤ ሆም ፎልደሬን የሚመለከቱትን መስመሮች አወጣሁ። በምትካቸው ፕሮግራሙ የራሱን ማስተካከያ የሚያስቀምጥበትንና «ገቢ» ብዬ የሰየምኳትን አንዲት ፎልደር ብቻ ጻፍኩ። ከማላውቀው ሰው የመጣ ሰነድ ሁሉ «ገቢ» ውስጥ ይከፈታል። ቃለ መጠይቆቼ ያሉበት ፎልደር ለሊብሬኦፊስ የለም ማለት ነው፤ እነሱን በሌላ ተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው የምጽፋቸው። ሁኔታውን የሚያሳየውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ረጅም ዝርዝር መጣ፤ ሊብሬኦፊስ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ተርሚናሉን ዘጋሁ። በሳምንቱ ከሴትዮዋ ጋር ተገናኘን።

ለምን ይህን ያህል አስጨነቀህ የምትሉ ትኖራላችሁ። በእኛ ሙያ ሰነድ ማለት እንጀራ ነው፤ መርዝ የሚመጣውም በሰነድ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካና በቤልጂየም ይሠሩ የነበሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ በኩል ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች እንደተላኩላቸው አሳይቷል። ፋይሉ ቢከፈት ኖሮ የሚጫነው የጣሊያኑ የሐኪንግ ቲም መሰለያ ነበር። በ2017 መጨረሻ ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የቪዲዮና የፒዲኤፍ ማሻሻያ በሚመስል ነገር እንደታለሙ ይናገራል። እነዚህ የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው፤ አፕአርሞር ያድናቸው ነበር እያልኩ አይደለም። ግን መንገዱን አስተውሉ። ጋዜጠኛው በር አልተሰበረበትም፤ «ይህን ሰነድ እየው» ነው የተባለው። እኔም በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የምባለው።

እሑድ ማታ ጓደኛዬ ቤት መጥቶ ነበር። በኩራት አሳየሁት። ፕሮፋይሉን አንብቦ «ጎበዝ» አለኝ፤ ቀጥሎ «እስቲ ያልተፈቀደ ፋይል ክፈትበት» አለ።

በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላደረግኩም። ቁልፍ አስቀይሬ በሩን ገፍቼ አለማየት ማለት ነው።

ሊብሬኦፊስን ከፈትኩ፣ ወደ ቃለ መጠይቆቹ ፎልደር ሄድኩ፣ የሴትዮዋን ፋይል ተጫንኩ። ተከፈተ። ምንም አላንገራገረም። የሴትዮዋ ቃል ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ፤ ጓደኛዬ እንዳያነብ ብዬ ላፕቶፑን በእጄ ከደንኩት።

ትእዛዙን እንደገና ሰጥተን ዝርዝሩን በዝግታ አነበብነው። ዝርዝሩ ለካ ክፍል ክፍል አለው። አንዱ ኢንፎርስ ይላል፤ የሚያስገድድ። ሌላው ኮምፕሌይን ይላል፤ የሚያጉረመርም። ሊብሬኦፊስ የነበረው በሁለተኛው ክፍል ነው። አብሮ የመጣው ፕሮፋይል ገና ከአናቱ ላይ በዚያ ሁኔታ እንዲሠራ የምታደርግ አንዲት ቃል ነበረችበት፤ እኔ የውስጡን መስመር ሁሉ ስቀይር እሷን አልነካኋትም።

ኮምፕሌይን ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት የመሥሪያ ቤት ዘበኛን ማሰብ ይበቃል። በር ላይ ቆሟል፣ ዩኒፎርም ለብሷል፣ መዝገብ ይዟል። የሚገባውን ሁሉ ስም ይጽፋል፣ ሰዓት ይጽፋል፣ «ይሄ ሰውዬ ፈቃድ የለውም» ብሎም ያጉረመርማል። ግን ማንንም አያስቆምም። የኔ ዘበኛ አራት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር።

የሚያበሳጨው ሌላ ነገር ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነው። ፕሮፋይል ውስጥ «ይህ ይከለከል» ብሎ በግልጽ የተጻፈ መስመር በኮምፕሌይን ሁኔታም ቢሆን ይሠራል። የሚለቀቀው ሳይጻፍ የቀረው ነው። ቃለ መጠይቅ ፎልደሬን በስሟ ጠርቼ አንዲት የክልከላ መስመር ብጽፍ ኖሮ በሩ ዝግ ይሆን ነበር። እኔ «አለመጥቀስ ይበቃል» ብዬ ተውኩት።

ጓደኛዬ አልሳቀም። «መዝገቡ አለ አይደል?» አለኝ። አዎ፣ ዘበኛው ቢያንስ ጽፏል። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሎግ ስናነብ አመሸን። ሊብሬኦፊስ ያንን ፎልደር የነካባቸው መስመሮች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። አንድ በአንድ ስናያቸው ፎልደሩን ዘርዝሮ ያየባቸው ናቸው፤ እኔ ራሴ «ፋይል ክፈት» የሚለውን ስጫን ፎልደሮቹን ያሳየኝ ጊዜ ነው። ከእሑዱ ሙከራ በቀር ፋይሎቹን የከፈተበት አንድም መስመር አላገኘንም። ግን ሎጉ የሚቆየው ቦታ እስኪሞላ ነው፤ አሮጌው እየተሰረዘ ይሄዳል። የኔ የሚደርሰው እስከ ሰባት ሳምንት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ስላለው ምንም ማለት አልችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ከማላውቃቸው ሰዎች የመጡ ብዙ ሰነዶች ከፍቻለሁ።

ወደ ኢንፎርስ የማዞሩ ሥራ አንዲት ትእዛዝ ነው፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ያኔ ነው ችግሩ የጀመረው። መጀመሪያ የምወዳቸው የግዕዝ ፊደሎች ጠፉ፤ ጽሑፉ ሁሉ በሌላ ቅርፅ መጣ። ፎንቶቹን የማስቀምጠው በሌላ ፎልደር ሆኖ ወደዚያ የሚወስድ አቋራጭ ነበር ያበጀሁት። አፕአርሞር አቋራጭ አይቆጥርም፤ ፋይሉ በእውነት የተቀመጠበትን አድራሻ ነው የሚያየው። ቀጥሎ ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ እንቢ አለ። ከፈቀድኩት ውጭ ስለሆነ ልክ ነው፤ ግን እጄ የለመደው እዚያ ነው። ብዙ ሰው የሚያጠፋው እዚህ ጋ ነው፤ አልፈርድባቸውም። የአንድ አርታኢ ቀጠሮ እያለብኝ በሦስተኛው ቀን እኔም ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር።

ኡቡንቱን የሚሠሩትም ይህን ያውቃሉ መሰለኝ። ያ የ2015ቱ የፋየርፎክስ ጉዳይ ሲደርስ ለፋየርፎክስ የተዘጋጀ ፕሮፋይል ነበራቸው፤ ግን ሳይበራ ነበር የሚመጣው። ጥብቅ አድርገው ቢልኩት ተጠቃሚው ይናደዳል። ከ2022 ወዲህ ፋየርፎክስን በታሸገ መልክ ነው የሚልኩት፤ ሆም ፎልደር ውስጥ ያሉትን የተደበቁ ፎልደሮች አያይም። በዚህም ብዙ ሰው አማሯል። እኔ ግን ከሚያምሩት ወገን መሆኔን ትቻለሁ።

ይህም ሆኖ አፕአርሞር የማያደርገውን ማወቅ ያስፈልጋል። ላፕቶፑን አንስቶ የሚሄድ ሰውን አያቆምም፤ ለዚያ ዲስኩን መቆለፍ ያስፈልጋል፣ እሱንም ኡቡንቱ ስትጭኑ ይጠይቃችኋል። በድሮው የስክሪን አሠራር አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የምትጽፉትን ማድመጥ ይችላል፤ ያንን የሚያሻሽለው ዌይላንድ የተባለው አዲሱ ነው። የማሽኑን ዋና ሥልጣን የያዘ ሰው ደግሞ ፕሮፋይሉን ራሱን መሻር ይችላል።

አሁን ወደ ሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ልምጣ። ስለ ስለላ ስንጽፍ የምንጽፈው ስለ መንግሥት ነው። መጻፋችንም ተገቢ ነው። ግን ምንጮቻችንን «አይዞሽ፣ አይዞህ» ስንል በምን ላይ ቆመን እንደምንል አንጠያየቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱን ቃለ መጠይቅህን የት ታስቀምጣለህ ብዬ ጠይቄው «ዴስክቶፕ ላይ፣ እንዳይጠፋብኝ» ብሎኛል። በዚያው ላፕቶፕ ልጁ ጌም ያወርዳል። በእሱ መሳቅ ይቻላል፤ የሱ ምንጭ ግን ስለ ላፕቶፑ የነገራት ሰው የለም፤ ለኔዋ ነግሬያታለሁ፣ ያውም የተሳሳተ ነገር። ከሁለታችን ማን የባሰ እንዳጠፋ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማክሰኞ ደወልኩላቸው። ለመደወል ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጓደኛዬ «የተወሰደ ነገር መኖሩን ሳታውቅ ሴትዮዋን ለምን ታስደነግጣለህ?» ብሎኝ ነበር። ክርክሩ አሳማኝ ነበር፤ ለኔም በጣም ተመችቶኝ ስለነበር ጠረጠርኩት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ዘበኛውም በዚያው ምሳሌ አስረዳኋቸው፤ ከእኔ ቀድመው ነው የገባቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ጠየቁኝ።

«እኔ መሆኔ በምን ይታወቃል? ስሜ አለበት?»

«ውስጡ የለም፤ ውስጡን አጥፍቻለሁ።»

«ላዩስ?»

ያኔ ነው ያየሁት። የፋይሉ ስም የሳቸው ስም ነበር። ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ «ሂሳብ» የሚል ቃል ጨምሬ ነው ያስቀመጥኩት፤ ስፈልግ ቶሎ እንዳገኘው። ያ ፎልደር የተዘረዘረ ጊዜ ሁሉ ስማቸው አብሮ ተዘርዝሯል። ስለ አድራሻና ስለ ፊደል ሁለት ሌሊት ያሰብኩ ሰው ይህን አላሰብኩም።

«በስሜ ነው ያስቀመጥከው» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አጥፋው።»

ድምፁንም ጽሑፉንም ቅጂዎቹንም ስልኩ ሳይዘጋ አጠፋሁ። ጽሑፌ በግማሽ የቀረ ነው፤ ያለሳቸው ቃል አይቆምም። ሌላ ነገር ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። እሳቸው ራሳቸው «ላስብበትና ዓርብ እደውልልሃለሁ» አሉ።

ዛሬ እሑድ ነው።